ከቦሌ በር እስከ ሆቴል በር

ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ይበረራል። ከዋሽንግተን ዳላስ ደግሞ 13 ሰዓት ገደማ። ይህን ሁሉ መንገድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ምግብ ቀርቦለት፣ ሻንጣው በሌላ ሰው እጅ ተጭኖና ወርዶለት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ የሚቀረው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው የሚጨቃጨቀው፣ የሚደክመው፣ አንዳንዴም ንብረቱን የሚያጣው ግን በዚችው በመጨረሻዋ መንገድ ላይ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አውሮፕላኑን ከወር በፊት አስበን፣ ዋጋ አወዳድረን፣ ዘመድ አማክረን እንይዛለን። ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚወስደንን መኪና ግን በሩ ላይ ቆመን፣ እንቅልፍ አጥተን፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ "ታክሲ? ታክሲ? የት ነው?" እያለን እንመርጣለን። እንዲህ የተመረጠ ነገር ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፤ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

"በምን ልሂድ?" ለሚለው ጥያቄ አብዛኞቻችን ቀድመን የምናነሳው ዋጋ ነው፤ "ስንት ነው?"። ዋጋ መጠየቅ ነውር የለውም። ነገር ግን ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት። ስንት ሻንጣ ይዣለሁ? በስንት ሰዓት እደርሳለሁ? የምሄድበትን ሆቴል ሹፌሩ በቀላሉ ያገኘዋል ወይ? እነዚህ ሦስቱ መልስ ካገኙ ምርጫው ይጠባል፣ የቀረውን ዋጋ ይወስነዋል። መልስ ካላገኙ ግን ርካሽ የተባለውም መኪና መጨረሻ ላይ ውድ ይሆናል።

ተቀባይ የሌለው መንገደኛ

እኛ የመቀበል ልማድ ያለን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ከውጭ ሲመጣ እናት፣ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ሳይቀር አበባ ይዞ ይወጣል። ስለዚህም ከአየር ማረፊያ እንዴት ይኬዳል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። "እንቀበልሃለን፣ በቃ" ነው መልሱ።

አሁን ግን በዚያ በር የሚወጣው ሰው ዓይነቱ በዝቷል። ከጎንደር ወይም ከጅማ በአገር ውስጥ በረራ ለሕክምና ወይም ለኤምባሲ ቀጠሮ የሚመጣ አለ። ለሁለት ቀን ስልጠና ተጠርቶ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለ። "ዘመድ ማስቸገር አልፈልግም" ብሎ ሆቴል የያዘ ዲያስፖራ አለ። ከአረብ አገር የተመለሰች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም የማታውቅ፣ አንድ ሌሊት አድራ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጅማ አውቶቡስ የምትይዝ እህትም አለች። እነዚህ ሁሉ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል ይሄዳሉ፣ አብዛኞቹንም ማንም አይቀበላቸውም።

ተቀባይ ያለውም ቢሆን ከጣጣው አያመልጥም። አምስት ሰው በአንዲት ቪትዝ ታጭቆ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ እንግዳ ሊቀበል ሲመጣ ያልታዘበ የለም። ፍቅሩ ሞልቷል፣ ቦታው ግን የለም። ተሳስመው፣ ተላቅሰው ካበቁ በኋላ እንግዳውን ወይስ ሻንጣውን እንውሰድ የሚለው ክርክር መኪና ማቆሚያው ላይ ይጀመራል። መጨረሻው ሌላ ታክሲ መጥራት ነው፤ ሻንጣው በታክሲው፣ ባለቤቱ በቪትዟ። እንግዳ ልትቀበሉ የምትወጡ ሰዎች ካላችሁ ምክሩ አጭር ነው። ከሹፌሩ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል፤ የቀረው ሆቴሉ ጋ ወይም እቤት ይጠብቅ።

የሻንጣው ሒሳብ

ብዙ የዓለም አቀፍ ትኬቶች ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ይፈቅዳሉ። በዚህ ላይ የእጅ ቦርሳ አለ። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን 50 ኪሎ ገደማ ይዞ ይወርዳል ማለት ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ አራት ትልልቅ ሻንጣ ሆነ። ልጅ ካለ ደግሞ ጋሪው ይጨመራል።

አሁን ከተማው ውስጥ በብዛት የሚሠሩትን መኪኖች አስቡ። ቪትዝን የመሰሉት ትንንሾቹ ከኋላ አንድ ትልቅ ሻንጣ ከያዙ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው የኋላ ወንበር ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቪትዝ ሁለት ሻንጣ ለያዘ አንድ ሰው ይሆናል፣ አራት ሻንጣ ለያዙ ባልና ሚስት አይሆንም። የኋላ ሣጥን ያላቸው አውቶሞቢሎች ትንሽ ይሻላሉ፣ እነሱም ከሁለት ትልልቅ ሻንጣ በላይ ሲጨመርባቸው መክደኛው አይዘጋም። በገመድ አስሮ ክፍቱን መሄድ ደግሞ በጠራራ ፀሐይም አያስመክርም፣ በክረምት ዝናብማ አይታሰብም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ትልልቆቹ ሻንጣዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ትንሽ መኪና አትጥሩ። ሁለት ትንንሽ መኪና ከመያዝ አንድ ትልቅ መኪና መያዝ ይሻላል። ይህን የምንለው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሁለት መኪና ስትይዙ ከሁለት አንዱ ውስጥ ያለው ንብረት ባለቤቱ ሳይኖር ነው የሚጓዘው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዱባይ ወይም ከጅዳ፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽ እንኳ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጅ ጠይቀው ለሚመለሱ እናትና አባት፣ በተለይ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ 50 ኪሎ እየጎተቱ መኪና ፍለጋ መዞር ቀልድ አይደለም። ለእነሱ ሲሆን ርካሹን ሳይሆን በሩ ድረስ የሚቀርበውን ምረጡ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

የሆቴሉ መኪና። ብዙ ሆቴሎች ደንበኛቸውን ከቦሌ የሚያመጣ መኪና አላቸው። በመድረሻው አዳራሽ የሆቴል ስም የጻፈ ሰሌዳ ይዘው የሚቆሙትም እነሱ ናቸው። ለአዲስ ሰው፣ ለሌሊት ገቢ፣ ለአዛውንትና ልጅ ላላት እናት ከዚህ የሚሻል የለም፤ ሹፌሩ ቤቱን ያውቃል፣ ሻንጣው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ የሚጠየቅ አካል አለ። ግን አራት ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ። ነፃ ነው ወይስ ክፍያ አለው? የት ላይ ነው የሚጠብቀው? ሌሎች እንግዶች እስኪመጡ ይቆማል ወይ? በረራው ቢዘገይስ? "መኪና አለን" ማለትና "እናንተን የሚጠብቅ መኪና አለ" ማለት ለየቅል ናቸው። የበረራ ቁጥራችሁን ስጧቸው፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዙ። ትንንሽ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው መኪና የላቸውም፤ ቢሆንም የሚያውቁትን ሹፌር ሊልኩላችሁ ይችላሉ።

ሆቴሉ እዚያው ቦሌ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በጥር 2011 ዓ.ም. ከተርሚናሉ ማስፋፊያ ጋር የተመረቀውን ስካይላይት ሆቴል የመሳሰሉት ከአየር ማረፊያው በደቂቃዎች ርቀት ላይ ናቸው። ሌሊት ገብቶ ጠዋት ለሚበር ሰው፣ ለክፍሉ የሚጨምረው ገንዘብ ከታክሲና ከእንቅልፍ የሚያድነው ሊሆን ይችላል። በዝውውር ላይ ሆናችሁ ረጅም ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ፤ እንደ ትኬቱ ሁኔታ ሆቴሉንም መኪናውንም ራሱ የሚያዘጋጅበት ጊዜ አለ።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ። ራይድ፣ ፈረስ፣ ዛይራይድና ሌሎችም አሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ዋጋው የሚሰላው በመነሻ ሒሳብ፣ በኪሎ ሜትርና በጊዜ ነው፣ የሹፌሩ ስምና የሰሌዳ ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። ኢንተርኔት ለሌለውም በጥሪ ይሠራል፤ የራይድ 8294ን የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነው። አጭር ቁጥሩ ከአገር ውስጥ ሲም እንጂ ከአሜሪካ ስልክ አይሠራም። ሹፌሩ ደግሞ መኪናው ሲመደብላችሁ መደወሉ አይቀርም፤ "ሃሎ፣ የት ጋ ናችሁ?" ይላል። የምታነሱበት የአገር ውስጥ ቁጥር ከሌላችሁ ትተላለፋላችሁ። በዋይፋይ ላይ ብቻ አትመኩ፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርሱ ይቋረጣል። በመድረሻው አዳራሽ ሲም ካርድ የሚሸጡ አሉ፣ በፓስፖርት ይወጣል። አሥር ደቂቃ ቢወስድም ያዋጣል። አለዚያ ደግሞ እዚህ ያለ ዘመድ በራሱ ስልክ ይጥራላችሁ፤ መተግበሪያው ትልቅ መኪና የመምረጥ አማራጭ ካለው እሱን እንዲነካላችሁ አደራ በሉት።

ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ። ቢጫዎቹም ሆኑ ሌሎቹ በሩ አካባቢ ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ። ሲም ለሌለው፣ ለቸኮለ፣ ዝናብ ለያዘው ሰው ቅርብ ናቸው። ዋጋው ግን በንግግር ነው። ንግግሩ የሚያልቀው ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ነው፣ ከተጫነ በኋላ አይደለም። "እንስማማለን፣ ግቡ" ከተባላችሁ "አሁን እንስማማ" በሉ። ስትስማሙም ሦስት ነገር ይነገር፤ እስከ የት፣ ስንት ብር፣ ለመኪናው ነው ወይስ ለሰው። የመኪና ማቆሚያ ክፍያውም በዋጋው ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የግል ሰሌዳ ለጥፎ "ልውሰዳችሁ" የሚልን መኪና ግን ተዉት፤ ሹፌሩ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን አንድ ነገር ቢፈጠር የምትጠይቁት ድርጅት ስለሌለ ነው።

ሚኒባስ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶቻችን እንደ ዋጋቸው የሚሆን የለም። ወደ ተርሚናሉ በር ግን አይመጡም፤ ወጥቶ እስከ ቦሌ ድልድይ አካባቢ መሄድ አለ። አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዞ በቀን ከባሕር ዳር ለመጣ ወጣት ተመራጭ ነው፤ መስቀል አደባባይ ወይም መገናኛ ደርሶ ይቀይራል። ትልቅ ሻንጣ ለያዘ ግን ሌላ ነገር ነው። 12 ሰው የሚጭን መኪና ለዕቃ የተለየ ቦታ የለውም፣ ሻንጣው የሰው ወንበር ይይዛል። ወያላው "የሻንጣውን ትከፍላለህ" ቢል አትቆጡት፤ የአንድ ሰው ቦታ ነው የተያዘበት። ያም ሆኖ አንድ ሻንጣ ከሆነ የሁለት ሰው ከፍላችሁም ከታክሲው ያንሳል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አትሞክሩት፤ ሰው በወረፋ በሚጋፋበት ሻንጣ ይዞ መግባት ለራስም ለሌላውም ሥቃይ ነው።

ባቡሩስ? ትሉ ይሆናል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይሄዳል፤ አየር ማረፊያው ግን በመስመሩ ላይ የለም። በካርታ አይታችሁ "ቅርብ ነው" ብላችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ እንዳትጀምሩት።

የሰዓቱ ነገር

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኬታችሁ ላይ ማክሰኞ 01:30 ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ለዘመድ ስልክ ደውላችሁ "ማክሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል እገባለሁ" ካላችሁ ግን እሱ የሚረዳው ማክሰኞ ጠዋት ወይም ማክሰኞ ማታ ነው። እናንተ ሌሊት በሩ ላይ ቆማችሁ፣ ተቀባዩ አልጋው ላይ ይሆናል።

ከሆቴል ጋር ሲሆን ስህተቱ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። መኪናው በተሳሳተ ሰዓት ይመጣል፣ አንድ። ክፍሉ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ስለተያዘ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ስትደርሱ እንግዳ መቀበያው "የእናንተ ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው" ይላችኋል፣ ሁለት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የምትገቡ ከሆነ ክፍሉን ካለፈው ቀን ጀምራችሁ ያዙት። ለሆቴሉ ስትጽፉ የበረራ ቁጥሩንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ "01:30፣ በእኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል"። ቀኑንም እንዲሁ፣ የእኛንም የፈረንጁንም አስቀምጡ። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ የአንድ ሌሊት ጣጣ ያስቀራል።

ሰዓቱ መንገዱንም ይለውጠዋል። ሌሊት ከቦሌ ፒያሳ ፈጥኖ ይደረሳል፤ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ያው መንገድ ሌላ መንገድ ነው። በጊዜ በሚቆጥር ታክሲ ከሆነ ደግሞ መጨናነቁን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የከተማውንም የቀን መቁጠሪያ አስቡት። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲኖር የቦሌ መንገድ በተደጋጋሚ ይዘጋል፣ ሆቴሉም ይሞላል። በኅዳር የታላቁ ሩጫ እሑድ ጠዋት፣ መስከረም 16 ለደመራ፣ ጥር 10 ለከተራ መስቀል አደባባይና ታቦት የሚያልፍባቸው መንገዶች አይታለፉም። ዲያስፖራው በብዛት የሚገባው ደግሞ በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። በእነዚህ ቀናት የምትደርሱ ከሆነ ሹፌሩን በየት በኩል እንደሚሄድ ቀድማችሁ ጠይቁት።

"ከእንትን ጀርባ"

በአዲስ አበባ አድራሻ የሚነገረው በቁጥር አይደለም፣ በምልክት ነው። "ከኤድና ሞል ጀርባ"፣ "ከደምበል ከፍ ብሎ"፣ "ወሎ ሰፈር፣ ከባንኩ ፊት ለፊት"። ትልቁን ሆቴል ሹፌሩ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሹን ሆቴል ግን፣ በተለይ ስሙ ከሌላ ሆቴል ጋር የሚመሳሰል ከሆነ፣ በካርታ ላይ ያለው ምልክት ራሱ ሁለት ቅያስ ርቆ ሊወስዳችሁ ይችላል። ጨለማ ውስጥ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ ቅያስ ለቅያስ መዞር ደግሞ ሹፌሩንም ያበሳጫል፣ ሒሳቡንም ያንራል።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት የሆቴሉን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ወረቀት አይጨርስም። አጠገቡ ያለ የታወቀ ቦታ ምን እንደሆነ ሆቴሉን ጠይቁና ጻፉት። መኪና ውስጥ ስትገቡም ሹፌሩ ራሱ ለሆቴሉ እንዲደውል አድርጉ። ሁለቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግባባሉ፣ የሆቴሉም ዘበኛ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። የአገር ውስጥ ተርሚናልና የዓለም አቀፉ ተርሚናል በር የተለያዩ መሆናቸውንም አትርሱ። መኪና ስትጠሩ "ቦሌ ነኝ" ብቻ አይበቃም፣ በየትኛው እንደወጣችሁ ተናገሩ።

"የፈለግሽውን ትሰጪኛለሽ"

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከሪያድ፣ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ ሌሊት የምትገባን እህት አስቡ። ሁለት ሦስት ዓመት የሠራችበት በሁለቱ ሻንጣዎች ውስጥ ነው፤ ለእናቷ የገዛችው ልብስ፣ ለወንድሟ ስልክ፣ አንዳንዴም ወርቁ። በከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም። በሩ ላይ ስትደርስ አንዱ ቀርቦ "ነይ እህቴ፣ ግቢ፣ የፈለግሽውን ትሰጪኛለሽ" ይላታል።

ይህ ንግግር ደግነት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜም ደግነት ሊሆን ይችላል። ግን ዋጋ ያልተቆረጠለት መንገድ ሲያልቅ የሚቆርጠው ሻንጣው በእጁ ያለው ሰው ነው። "የፈለግሽውን" የተባለው መጨረሻ ላይ "ይህቺማ አትሆንም" ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሌሊት ነው፣ ዕቃው መኪና ውስጥ ነው፣ ለመከራከር አቅም የላትም። ለዚህ ነው የመኪና ምርጫ ለአንዳንዱ ሰው የምቾት ጉዳይ፣ ለእንደዚህች ዓይነቷ እህት ግን የዓመታት ላብ ጉዳይ የሚሆነው።

እሷን የምታውቁ፣ ወይም እሷ ራሷ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ሦስት ነገሮች ከአውሮፕላኑ በፊት ይለቁ። አንደኛ፣ ሆቴሉ የሚመረጠው ለቦሌ በቅርበቱ ሳይሆን ለነገው መንገድ ነው። ወደ ደሴ የምትሄድ ከሆነ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ፣ ወደ ሐዋሳ ከሆነ ወደ ቃሊቲ በኩል ማደር፣ በንጋት ሻንጣ ይዞ ከተማ ለከተማ ከመሄድ ያድናል። ሁለተኛ፣ ትኬት ስትቆርጥ ወደ ትውልድ ከተማዋ የአገር ውስጥ በረራ መኖሩን ትጠይቅ። ለምሳሌ ደሴ ለምትሄድ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ ትኬት ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጡ በቅናሽ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ፣ የሆቴሉና የታክሲው ገንዘብ ተደምሮ ልዩነቱ ላይሰፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚቀበላት አንድ ሰው ይኑር። ዘመድ ባይሆን የጎረቤት ልጅ፣ የሰፈር ሰው፣ የማኅበር አባል። አሥር ሰው አበባ ይዞ ከሚወጣለት አንዱ ለእሷ ቢወጣላት ምን አለበት?

ስትጭኑና ስታወርዱ

መኪናው ምንም ይሁን ምን የሚሠሩ ጥቂት ደንቦች አሉ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ስልክና ሰነድ ወደ ኋላ ሣጥን አይገቡም፤ ጭናችሁ ላይ ይሁኑ። መጀመሪያ ሻንጣው ይገባል፣ ከዚያ እናንተ። ስንት ሻንጣ እንደገባ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ "ሦስት ነው አይደል ወንድሜ?" ብትሉ ሹፌሩም ይቆጥራል። የሰሌዳ ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ለአንድ ሰው ላኩት፤ ሹፌሩ እያየ ቢሆን ይመረጣል፣ ጨዋ ሹፌር በዚህ አይከፋም። ስትደርሱ ሻንጣው ሁሉ መሬት ከነካና ከተቆጠረ በኋላ ሒሳብ ይከፈላል።

"ልርዳችሁ" ብሎ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ከመጣ ትፈልጉት እንደሆነ እሺ በሉ፣ ስንት እንደሆነም ተነጋገሩ። ካልፈለጋችሁ ደግሞ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔው እገፋዋለሁ" ብሎ ጋሪውን አለመልቀቅ ነው። ሻንጣው ከተነሳ በኋላ መከራከር ለሁለቱም አይመችም። ክፍያ በብር ይሁን፤ ባንኮቹ እዚያው አሉ፣ ትንሽ መንዝሩና ዝርዝር ያዙ። በዶላር የተከፈለ ታክሲ በግምት የተከፈለ ታክሲ ነው፣ በተለይ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ግምቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቴሌብር ያለው ሰው በእሱ ቢከፍል ማስረጃም ይቀርለታል።

ከከተማው የሚጠበቀው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መንገደኛው ራሱን እንዲጠብቅ ነው። ግን ሁሉም ሸክም በመንገደኛው ላይ መሆን የለበትም። ተርሚናሉ ሲስፋፋ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚወጣበት በር ላይ፣ እስከ ቦሌ ድልድይ፣ እስከ መስቀል አደባባይ፣ እስከ ፒያሳ፣ እስከ ላምበረት ስንት እንደሆነ የሚናገር አንድ ትልቅ ሰሌዳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ቢሰቀል ምን ያህል ክርክር ይቀር ነበር! ሻንጣ መጫኛ ቦታ ያለው አንድ አውቶቡስ በተወሰነ ሰዓት ከተርሚናሉ ተነስቶ በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ መናኸሪያዎቹ ቢመላለስስ? ብዙ አገር የሚሠራበት ተራ ነገር ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ዋሽንግተን እንኳ ባቡሩ ዳላስ አየር ማረፊያ የደረሰው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ግን መንገደኛው ሻንጣውን ጭኖ ባቡር ጣቢያ የሚደርስበት አውቶቡስ ነበረው።

ነገሩ አሁኑኑ መታሰብ ያለበትም በሌላ ምክንያት ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው ግዙፍ አየር ማረፊያ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዛሬ 6 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነሳው ክርክር 40 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን "እንስማማለን፣ ግቡ" የሚባልበት አይሆንም። ያን ጊዜ ታክሲው የአንዳንዱን የአገር ውስጥ ትኬት ያህል ሊያስከፍል ይችላል። አዲሱ አየር ማረፊያ ሲታቀድ ሕንፃውና ማኮብኮቢያው ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሩ ላይ የምትቆም አንዲት እህት በምን እንደምትሄድም አብሮ መታቀድ አለበት።

እስከዚያው ግን ምርጫው የእናንተ ነው፣ ጊዜውም ከአውሮፕላን በፊት ነው። የሚጠበቅ ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁት፤ ስንት ሻንጣ ነው የያዝከው? በእኛ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ሆቴሉ ከምን አጠገብ ነው? መልሱን ካወቃችሁ በኋላ መኪናውን መምረጥ አያስቸግርም።